ችግኝ ከማደል በፊት አማካሪውን ማሠልጠን

ስለ ዛፍ ተከላ ሲነገር ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንት ችግኝ ተተከለ?» ብለን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአገራችን እንደ ተተከለ መንግሥት ባስታወቀ ጊዜ ሁላችንም ተደንቀን ነበር። ሆኖም ገበሬው የሚጠቀመው ከጸደቀው ችግኝ ብቻ ነው። እንዲጸድቅ የሚረዳውም በሪፖርታችን ላይ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ሰው ነው፤ እርሱም ባለ መሬቱን የሚያማክረው የልማት ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ምን ዐይነት ሥልጠና እንደሚያስፈልገው፣ የጉባኤዎቻችንም ድጋፍ ለምን እስከዚያ መድረስ እንደሚገባው ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ጥምር የደን እርሻ ምንድን ነው?

በውጭው አጠራር አግሮፎሬስትሪ የሚባለው ጥምር የደን እርሻ፣ ዛፍን ከሰብልና ከከብት ጋር በአንድ መሬት ላይ አስማምቶ ማኖር ማለት ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጌዴኦ ገበሬዎች ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡናን አንድ ላይ እያለሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላልፈዋል፤ ይህም የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በደጋና በወይና ደጋ አገርም ገበሬው ብሳናንና ዋንዛን በማሳው ውስጥ ሳይቈርጥ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም። የብሳና ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያለመልማል፤ ዋንዛም ጥሩ ጣውላ ይሰጣል። ስለዚህ አማካሪው ወደ ገበሬው ሲሄድ ባዶ ዕቃ ሊሞላ እንደሚሄድ ሰው ሊሆን አይገባውም። አስቀድሞ የሚማረው ነገር አለ።

ዛፉ የማን ሥራ ነው?

በአገራችን የግብርና ምክር አገልግሎት ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቅዶ ሲሠራበት ቆይቷል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለከብት እርባታ፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ክፍፍሉ የራሱ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ በማሳ መካከል የቆመ ዛፍ የሦስቱም ነው። የሰብሉ ባለሙያ ጥላው ስንዴውን ይጎዳል ብሎ ይሰጋል፤ የከብቱ ባለሙያ ቅጠሉንና ፍሬውን ለመኖ ይፈልገዋል፤ የተፈጥሮ ሀብቱ ባለሙያ ደግሞ የተተከለውን ይቈጥራል። ሦስቱ ተነጋግረው አንድ ምክር ካልሰጡ ገበሬው ሦስት የተለያየ ቃል ይሰማል፤ በመጨረሻም እንደ ልማዱ ያደርጋል። እንግዲህ የጥምር እርሻ ሥልጠና የመጀመሪያ ጥቅሙ ሦስቱን ባንድ ማሳ ላይ አቁሞ አብረው እንዲያዩ ማድረጉ ነው።

ከቦሌ በስተ ምሥራቅ

ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕውቀት ከእኛ ሩቅ አይደለም። በጉርድ ሾላ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የዓለም አቀፉ የከብት እርባታ ምርምር ድርጅት ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የአፍሪካ የከብት እርባታ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ነው። በዚያም የመኖ ተክሎች ዘር ተሰብስቦ ይጠበቃል፤ ከእነዚህም ውስጥ እንደ ሰስባንያና እንደ ትሪ ሉሰርን ያሉ ለከብት መኖ የሚሆኑ ዛፎች ይገኛሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በናይሮቢ የሆነው የዓለም የጥምር ደን እርሻ ምርምር ድርጅትም የኢትዮጵያ ሥራውን ከዚሁ ግቢ ሲያካሂድ ቆይቷል።

ሆኖም ዘሩና መጽሐፉ በከተማ ስላለ ብቻ ምክሩ በማሳው ላይ ትክክል አይሆንም። ከቦሌ ወደ አቃቂና ወደ ቢሾፍቱ የሚዘረጋውን ሜዳ እንመልከት። አብዛኛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ትሪ ሉሰርን በደጋ አገር ደኅና አድጎ ለከብትና ለንብ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ውኃ በሚተኛበት አፈር ላይ ሥሩ በስብሶ ይደርቃል። ሰስባንያ እንዲህ ያለውን መሬት ይችላል፤ ይሁንና ዕድሜው አጭር ነው፣ ብርቱ ውርጭም ይጎዳዋል። ይህን ሳያውቅ ከችግኝ ጣቢያ ያገኘውን የሚያድል አማካሪ፣ ችግኙንም የገበሬውንም ድካም ያባክናል። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ምክር ይዞ ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም።

በዚያው መንገድ ወደ አደአና ወደ ሉሜ ሲኬድ ደግሞ ገበሬዎች ገርቢ የሚሉት የግራር ዐይነት በማሳ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ይህ ዛፍ ጠባዩ ከሌሎች ተቃራኒ ነው። ዝናብ ሲጀምር ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ሰብሉ በሚያድግበት ወራት ፀሐይ አይከለክለውም፤ ከአየር የሚያገኘውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል፤ ፍሬውም በበጋ የከብት መኖ ይሆናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ከማሳ ዳር ሲተከል ከሰብሉ ጋር በውኃ ይሻማል። ቢሆንም ቶሎ ደርሶ ገንዘብ ስለሚያመጣ ገበሬው ይወደዋል። የሠለጠነ አማካሪ ባሕር ዛፍን አይሰድብም። ከማሳ ራቅ ብሎ፣ ለሌላ ሰብል በማይመች ቦታ እንዲተከል ከባለ መሬቱ ጋር ይመክራል እንጂ።

ሥልጠናው ምን ይዞ መገኘት አለበት?

አንደኛ፣ መጠየቅን። አማካሪው ከባለ መሬቱና ከባለቤቱ ጋር ማሳውን በእግሩ ይዙር። ማገዶ የሚለቅመው ማን ነው? ከብቱ በበጋ ምን ይበላል? ወጣት ዛፍ ቢቆም ቤተሰቡ ከስንት ዓመት በኋላ ምን ያገኛል? ማገዶና ውኃ የሚሸከሙት እናቶች በመሆናቸው እነርሱ ያልተጠየቁበት ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

ሁለተኛ፣ መያዝን። ዛፍና ሰብል ተስማምተው የሚኖሩት ቅርንጫፉ በጊዜው ሲመለመል ነው። ይህ በጥቁር ሰሌዳ የሚማሩት ነገር አይደለም፤ ሠልጣኙ መጋዝና ማጭድ ይዞ በዛፉ ሥር ቆሞ ሊሠራው ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመንደሩን ሥርዐት። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብት በየማሳው በሚለቀቅበት አገር፣ ልቅ ግጦሽ ከድርቅ ይልቅ ችግኝ ሊፈጅ ይችላል። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን ሊያስቆም አይችልም፤ አማካሪው ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ማስማማት አለበት።

አራተኛ፣ ሕግን። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያደረገው ቋሚ መሻሻል ግን የራሱ ነው፤ የመጠቀም መብቱ ቢያበቃም ካሣ ሊጠይቅበት ይችላል። ከተማው እየሰፋ እስከ ቦሌ አራብሳና ከዚያም ወዲያ በደረሰበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ነገ መሬቴ ይወሰዳል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ፣ የዛፉ ባለቤት መሆኑን ካላወቀ ለልጁ የሚደርስ ዛፍ አይተክልም።

ከጉቶ የተገኘ ትምህርት

በኒጀር አገር በማራዲ፣ በእኛ ዘንድ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በመባል በሚታወቀው ድርጅት ሥር ያገለግል የነበረው አውስትራሊያዊ ሚሲዮናዊ ቶኒ ሪናዶ ብዙ ችግኝ ተክሎ አብዛኛው ደርቆበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን በየማሳው የሚያየው ቁጥቋጦ ከተቈረጡ ዛፎች ጉቶ የሚበቅል መሆኑን አስተዋለ። ከቡቃያዎቹ ጠንካሮቹን መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መመልመል፣ ከብትም እንዳይበላው መጠበቅ፤ ዘዴው ይኸው ነበር። ገበሬዎቹ ራሳቸው እያስተማሩት ተስፋፍቶ በኒጀር ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ሸፈነ። በአገራችንም በወላይታ ሁምቦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከወርልድ ቪዥን ጋር በመሥራት 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ እንደገና ደን ለበሰ፤ ባለቤቶቹም በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። እንዲህ ላለው ሥራ ከችግኝ ጣቢያ ይልቅ ጉቶን አይቶ ዛፍ የሚታየው አማካሪ ያስፈልጋል።

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ውድ አንባብያን፣ የችግኝ ዋጋ ለመለመንም ለመስጠትም ይቀላል፤ ሊቈጠር፣ ፎቶግራፍም ሊነሣ ይችላልና። ለሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ግን ወዲያው የሚታይ ነገር የለውም። ስለዚህ ከፕሮጀክቶቻችን ሪፖርት ሲደርሳችሁ ከተተከለው ቁጥር ቀጥላችሁ እነዚህን ጠይቁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከተተከለው ስንት ጸድቋል? አማካሪው ከተከላው በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሶ ጎበኘ? ዛፉን የመረጠው ማን ነው? የፕሮጀክት ሠራተኞችም ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ስታዘጋጁ፣ የሦስቱን የሙያ ዘርፍ ሠራተኞች በአንድነት የሚያሠለጥን ጊዜና ለክትትል የሚሆን የመጓጓዣ ወጪ አስቀድማችሁ መድቡ። የችግኙ ብዛት ከዚያ በኋላ ይወሰን።