የተለቀቀው የመደርደሪያ ቦታ ለማን ይሁን?

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መደርደሪያ ነው። በትምህርት ክፍላችንም ስለ ካታሎግና ስለ ምደባ ብዙ እንማራለን፤ መጽሐፉም ሰውም ስለሚቀመጥበት ቦታ ግን የምንነጋገረው ትንሽ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ እንዴት እየተለቀቀ እንደመጣና ለምን መዋል እንዳለበት ማስረዳት ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገርና፣ ቦታው ለአንባቢው መሰጠት አለበት። ይህ እንዲሆን ደግሞ ማስረጃውን መያዝ ያለብን እኛ የሙያው ሰዎች ነን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው እንዴት ተለቀቀ?

የሕክምና እውቀት ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ የጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት በጆርናል ላይ በጣም ይደገፋል። ጆርናል ደግሞ በየዓመቱ እየተጠረዘ ሲደረደር ቦታ ይበላል። የጆርናል ጽሑፎችን ለመፈለግ የሚያገለግለው ኢንዴክስ ሜዲከስ የተባለው ማውጫ መታተም የጀመረው በ1879 ነው። በ1971 ሜድላይን በኮምፒውተር መስመር አገልግሎት ጀመረ፤ በ1997 ፐብሜድ ለማንም ሰው በነጻ ተከፈተ፤ በ2004 የማውጫው የወረቀት እትም ቆመ። በ2002 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ስለጀመረ፣ ኢትዮጵያን በመሳሰሉ አገሮች ያሉ ተቋማት ገዝተው የማይችሏቸውን ጆርናሎች በኢንተርኔት ማንበብ ቻሉ።

እንግዲህ ጆርናሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ መደርደሪያው ሥራ ፈታ። "ታዲያ ሕንጻው ምን ይሠራል?" የሚለው ጥያቄም ተከትሎ መጣ።

ሕንጻውን መዝጋት ይሻላል?

ይህን ጥያቄ እስከ ጫፍ የወሰደው በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዌልች የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ሕንጻው የተከፈተው በ1929 ነው። ባለሙያዎቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ተጠቃሚ ከመጠበቅ ይልቅ ወደየትምህርት ክፍሉ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ይህ መልካም ለውጥ ነበር። በ2011 ግን ሕንጻው ከ2012 መጀመሪያ አንስቶ ለተጠቃሚ እንደሚዘጋ ተነገረ። ተቃውሞ ተነሣ፤ ዕቅዱም በተባለው ቀን ሳይፈጸም ቀረ።

በእኔ እምነት እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል። "መደርደሪያው ያስፈልጋል ወይ?" እና "ክፍሉ ያስፈልጋል ወይ?" አንድ አይደሉም። የድሮ ጆርናል የሚያወርድ ሰው ጠፋ ማለት ቁጭ ብሎ የሚያጠና ሰው ጠፋ ማለት አይደለም።

እንዲያውም የማስተማር ዘዴው ሲቀየር የክፍሉ ተፈላጊነት ጨምሯል። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ1969 የጀመረው ችግርን መነሻ ያደረገ የሕክምና ትምህርት ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። በዚህ ዘዴ ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ሆነው የአንድን ታማሚ ጉዳይ ይዘው ይከራከራሉ። ክርክር ደግሞ ድምፅ አለው። ፀጥታ ብቻ የሚያውቅ አዳራሽ ለእነዚህ አይሆንም፤ ጫጫታ ብቻ ያለበትም ለፈተና ለሚያነበው አይሆንም። ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማስተናገድ የሚቻለው ቦታውን በድምፅ መጠን ከፋፍሎ ነው። የቡድን ሥራው በር አካባቢ፣ ዝምታው ወደ ውስጥ ወይም ፎቅ ላይ ይሁን፤ የቀሩት መደርደሪያዎችም መሐል ላይ ቆመው እንደ ግድግዳ ያገልግሉ።

የክብደት ነገር

ቦታ ስንቀይር የማይረሳ አንድ የምህንድስና ጉዳይ አለ። በአሜሪካ የግንባታ መመዘኛ መሠረት የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚቆምበት ወለል በካሬ ሜትር ወደ 730 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ተደርጎ ይሠራል፤ የንባብ ክፍል ወለል ግን ወደ 290 ኪሎ ግራም ብቻ። ስለዚህ መደርደሪያ አንስቶ ወንበር ማስገባት ቀላል ነው። ወንበር አንስቶ መደርደሪያ ማስገባት ግን መሐንዲስ ሳይጠየቅ አይሞከርም።

ወደ እኛ ስንመጣ

የውጭውን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚያነብልን የታተመው መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሻማባቸው መማሪያ መጻሕፍትም ከመደርደሪያ መውረድ የለባቸውም። ዶርም ውስጥ የጥናት ጠረጴዛ ለሌለው ተማሪ የላይብረሪው ወንበር ትርፍ ነገር አይደለም፤ የሚማርበት ቦታ ነው እኮ! ሌሊት ዲውቲ ለሚገባ የሕክምና ተማሪም እንዲሁ።

የድሮ ጆርናል ከመወገዱ በፊትም አንድ ነገር ይጣራ። በኢንተርኔት የምናነበው የእኛ ንብረት ነው ወይስ ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ብቻ የተፈቀደልን? ፈቃድ ሊነሣ ይችላል፤ የተጠረዘው ቅጽ ግን የራሳችን ነው። ሌላ ቤተ መጻሕፍት ቅጂው መኖሩ ሳይረጋገጥ አይጣል።

ማስረጃ መሰብሰቡ ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። የአዳራሹን ንድፍ በወረቀት ማንሣት፣ ለሁለት ሳምንት በተወሰኑ ሰዓታት መዞር፣ የትኛው ወንበር እንደተያዘና ሰውየው ምን እየሠራ እንደሆነ ምልክት ማድረግ ነው፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። ሶኬት ያለበት ጥግ ሁልጊዜ ሞልቶ መሐሉ ባዶ ከሆነ፣ የጎደለው ወንበር ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው ማለት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህን ብትይዙት ጥሩ ይመስለኛል።

ባዶ ክፍል በግቢ ውስጥ ብዙ ፈላጊ አለው፤ ቢሮ ይሆናል፣ የዕቃ ግምጃ ቤትም ይሆናል። አስተዳደሩ ጋ ቀርበን "ይህ ቦታ ለተማሪው ይቆይ" የምንለው በእጃችን ቁጥር ይዘን ከሆነ እንሰማለን። ዝም ካልን ግን ጆርናሉ ከወጣ በኋላ አንባቢውም ተከትሎ ይወጣል።