የሩስኛ ድምፀትና ወደ አማርኛ አተረጓጐሙ

«ኦን ፕሪየኸል ፍቺራ?» የሚለው የሩስኛ ጥያቄ በጽሕፈት አንድ፣ በአነጋገር ግን ሁለት ነው። ድምፁ በ«የ» ላይ ሲወጣ የሚጠየቀው የሰውየው መምጣት አለመምጣት ነው፤ በ«ራ» ላይ ሲወጣ ግን መምጣቱ የታወቀ ሆኖ ቀኑ ይጠየቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው «ትናንት መጣ ወይ?»፣ ሁለተኛው «የመጣው ትናንት ነው ወይ?» ተብሎ መተርጐም አለበት። ጽሑፉን ብቻ ይዞ የሚሠራ ተርጓሚ ዐውዱ ካልረዳው በቀር የሚመርጥበት መሠረት የለውም።

የሞስኮ ዩኒቨርሲቲዋ ምሁር የለና ብሪዝጉኖቫ ሰባት የድምፀት ቅርጾችን ለይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ባሳተመው የሩስኛ ሰዋስው ውስጥም ገብተዋል። የእያንዳንዱ ቅርጽ መሠረት ማእከሉ፣ ማለትም ዋናው የድምፅ ለውጥ የሚፈጸምበት ቀለም ነው። ከላይ ያየነው ጥያቄ የሦስተኛው ቅርጽ ነው፤ ድምፁ በማእከሉ ላይ በፍጥነት ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀሩ ቀለሞች ካሉ ዝቅ ብለው ይነገራሉ። የጥያቄን ድምፅ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚጠብቅ ጆሮ ጥያቄውን እንደ ተራ ዜና ሊሰማው ይችላል።

አራተኛው ቅርጽ ለእኛ ይቀላል። «ኣ ቲ?» ሲባል ድምፁ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ የሚያደርገውን ሥራ አማርኛ በ«ስ» ይፈጽመዋል፤ «አንተስ?»። «ካኮይ ሲቮድኛ ዴኝ» ግን በሁለተኛው ቅርጽ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»፣ በአምስተኛው «ዛሬ እንዴት ያለ ቀን ነው!» ይሆናል።

ድምፀቱ ከጊዜ ልክ ጋር የተያያዘ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አሌክሳንደር ፖቴብኒያ የቀለሞችን ኀይል በቁጥር ገልጾ ኀይል ላረፈበት 3፣ ወዲያው ለሚቀድመው 2፣ ለሌሎቹ 1 ሰጥቷል። «ወተት» የሚለው ቃል በጽሕፈት ሦስት «ኦ» ሲኖሩት «መላኮ» ተብሎ የሚነገረው ስለዚህ ነው። ኀይሉ ቦታ ሲለውጥም ፍቺው ይለወጣል፤ «ዛመክ» ግንብ ነው፣ «ዘሞክ» ቁልፍ።

በስያሜው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንዶች ይህን ኀይል «ጥብቀት» ይሉታል፤ እኛ አንስማማም። ጥብቀት «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ እንደምናየው የተነባቢ ርዝመት ነው፤ የሩስኛው ግን በአናባቢው ላይ ያርፋል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚሉት የግእዝ ንባብ ስሞችም ውብ ቢሆኑ ለቃል አነባበብ የተመደቡ ናቸው። ስለዚህ ለቃሉ «ኀይል»፣ ለዐረፍተ ነገሩ «ድምፀት»፣ ለመፈጸሚያው ቀለም «ማእከለ ድምፀት» ቢባል እንመርጣለን። ከድምፅ ቅጂ የሚገለበጥ የሩስኛ ጽሑፍም ማእከሉ ሳይመለከትበት ለተርጓሚ ባይሰጥ ይሻላል።