ስለ መረብ ከረጢትና ስለ ልብስ ማጠቢያ መኪና
ሻጭ ለገዢ ሊነግረው የሚገባ ነገር

የልብስ ማጠቢያ መኪና በአዲስ አበባና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች ወደ ብዙ ቤት እየገባ ከመጣ ወዲህ፣ እርሱን ተከትላ የመጣች አንዲት አነስተኛ ዕቃ አለች። ይህችውም ልብስ ተከትቶባት ወደ መኪናው የምትገባው የመረብ ከረጢት ናት። ዋጋዋ ትንሽ፣ በመደርደሪያ ላይ የምትይዘውም ስፍራ ጠባብ በመሆኑ ብዙዎች ነጋዴዎች እንደ ቁም ነገር አይቈጥሯትም። ነገር ግን ደንበኛ በእርሷ ተማምኖ ያጠበው የሐበሻ ቀሚስ ተበላሽቶ ሲገኝ፣ የሚጠየቀው ከረጢቷን የሠራው ፋብሪካ ሳይሆን የሸጣት ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ከረጢቷ የምትችለውንና የማትችለውን ለይቶ ማወቅ ለአስመጪውም፣ ለባለሱቁም፣ የአገር ልብስ ወደ ውጭ ለሚልከውም ነጋዴ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

በስተፊት በር ያለው መኪና ልብሱን በቀዳዳማው ከበሮ ውስጥ ወደ ላይ እያነሣ መልሶ ወደ ውኃው ይጥለዋል። ከላይ የሚከፈተውና በመካከሉ ምሰሶ የቆመበት ዐይነት ደግሞ ልብሱን ወዲያና ወዲህ ያማታዋል። በሁለቱም ዘንድ ልብስ ከልብስ ጋራ ይታሻል፤ እድፍ የሚለቀውም በሳሙናው፣ በውኃውና በዚሁ መታሸት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው መታሸት የሱሪ ዚፕ ወይም የጡት መያዣ መንጠቆ ካጠገቡ ያለውን ስስ ክር ይጎትታል። በመጨረሻ ውኃው ሲጨመቅ ብዙዎቹ መኪናዎች በደቂቃ 1000 ጊዜና ከዚያም በላይ ስለሚዞሩ፣ ቀድሞ የተጠላለፈው ሁሉ በኃይል ይጠብቃል።

የመረብ ከረጢት የተሠራችው ለዚህ ነው። መንጠቆን ከስስ ክር ትለያለች፤ ረዣዥሙን ልብስ ከመጠላለፍ ታድናለች፤ ትንንሹንም ከመጥፋት ትጠብቃለች። የሕፃን ካልሲ በበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ገብታ ስትቀር፣ ከጡት መያዣ የወጣ ሽቦም በከበሮው ቀዳዳ ሾልኮ መኪናውን ሲያበላሽ፣ ለጠጋኝ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ከረጢት በገዛ ነበር።

ከዚህ ያለፈ ተአምር ግን ከእርሷ አይጠበቅም። መረብ ውኃ ያሳልፋል፤ ውኃ ካለፈ ቀለምም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ቀይ ጥለት ያለውን ነጠላ በከረጢት አድርጎ ከነጭ ልብስ ጋራ ማጠብ ነጩን ከመቅላት አያድነውም። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ አርሶ በጥለቱ ጠርዝ ላይ ጥቂት ጊዜ መጫን ይበቃል፤ ጨርቁ ከቀላ ነጠላው ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃና በእጅ ይታጠብ። እንዲሁም ከረጢቷ የውኃውን ሙቀት አታበርድም። የእጅ ሥራ ጥጥ በሙቅ ውኃ እንደሚሰበሰብ እናቶቻችን መኪና ሳይመጣ ያውቁት የነበረ ነገር ነው።

ይህን ባለመንገር የሚደርሰውን ጣጣ ጸሐፊው በሚሠራበት የንግድ ቤት ውስጥ አይቶታል። አንዲት ወይዘሮ ከቤቱ የገዙትን ቀሚስ ይዘው መጡ። በደረቱ ላይ የወረደው ጥበብ ክሩ ስንዝር ያህል ተጎትቶ ወጥቷል፤ በእጥፋቱም ውስጥ ያልሟሟ የዱቄት ሳሙና ደርቆበታል። ወይዘሮዋ «እናንተው በሸጣችሁልኝ ከረጢት ነው ያጠብኩት» አሉ፤ የተናገሩትም እውነት ነበር። ሲጠየቁ ግን በዚያችው አንዲት ከረጢት ውስጥ ቀሚሱን፣ ሁለት ነጠላና የልጃቸውን የጂንስ ሱሪ ጨምረው፣ አፏን በግድ ዘግተው እንደ ነበር ታወቀ። ጠላቱን ከወዳጁ ጋራ በአንድ ቤት ዘጉበት ማለት ነው! ባለንብረቱ ነጋዴ ወይዘሮዋን አልተከራከሯቸውም፤ ከረጢቷን የሸጠው ልጅ አንዳች ነገር አለመንገሩን አረጋግጠው ቀሚሱን በራሳቸው ወጪ ለሸማኔና ለጠላፊ ሰጥተው አስጠገኑት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ቃል የሚሸጥ ከረጢት በቤቱ የለም።

እንግዲህ የሚነገረው ቃል ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የወጥ ወይም የቅቤ ነጠብጣብ ያለበት ልብስ ነጠብጣቡ በእጅ ሳሙና ተደርጎበት ቀስ ተብሎ ይታሽ፤ በከረጢት ውስጥ መታሸት ስለሚቀንስ የከረረ እድፍ እዚያ አይለቅምና። ከዚያም ልብሱ ይገልበጥ፤ መንጠቆውና ዚፑ ይዘጋ። ነጠላ ሲሆን የተቋጨው ጫፍ ወደ ውስጥ እንዲገባ ታጥፎ ለብቻው በአንድ ከረጢት ይግባ። ከረጢቷ እስከ ግማሽ፣ ቢበዛ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ትሙላ እንጂ አትጠቅጠቅ። ልብሱ በውስጧ ካልተንቀሳቀሰ ሳሙና አይደርሰውም፤ የደረሰውም ታጥቦ አይወጣም። በዚህ ምክንያት ፈሳሽ ሳሙና ይመረጣል፤ ዱቄት ብቻ ያለው ሰው አስቀድሞ በለብታ ውኃ ያሟሟው። የከረጢቷም ዚፕ እስከ መጨረሻው ተስቦ ራሱ በላስቲኩ ኪስ ውስጥ ይደበቅ፤ ያለዚያ በጨመቃው ጊዜ ተከፍቶ፣ ልብስ ሊያድን የመጣው ዚፕ ራሱ ልብስ ቀዳጅ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር የሚዛን ጉዳይ ነው። ውኃ የጠጣች አንዲት ከረጢት ለብቻዋ በከበሮው ውስጥ ስትቀር ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ መኪናውም ወይ ይንቀጠቀጣል ወይ ጨመቃውን ትቶ ይቆማል። ደንበኛው ይህን ሲያይ «መኪናው ተበላሸ» ብሎ ወደ ሻጩ ይደውላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ሌሎች ቀላል ልብሶች ጨምሮ፣ ወይም በአንዲት ትልቅ ከረጢት ፈንታ በሁለት ትንንሾች ከፍሎ ማጠብ ነው። ሥራው በ30 ዲግሪ ሙቀትና መኪናው ለስስ ልብስ ባለው ዝግ ያለ ዙር ይሁን። እንዳለቀም ልብሱ ወዲያውኑ ከከረጢቷ ወጥቶ በጥላ ይሰጣ። ጋቢን በከረጢት ማድረግ ግን ትርፉ ድካም ነው። ወርቀ ዘቦ ያለበት ወይም በእጅ ጥልፍ የተሞላ የሠርግ ቀሚስም ከመኪና ይራቅ፤ ሻጭ ገበያው እንዳይቀርበት ብሎ «በከረጢት ምንም አይሆንም» ቢል ከረጢቷን ሸጦ ደንበኛውን ያጣል።

ለአስመጪዎች ደግሞ ይህን እንላለን። ገበያው ላይ ዐይነ ሰፊና ዐይነ ጠባብ መረብ አለ። ሰፊው ውኃና ሳሙና በደኅና ያሳልፋል፤ ለሸሚዝና ለሹራብ ይበቃል። የነጠላ ቁጭትና የጡት መያዣ መንጠቆ ግን በሰፊው ዐይን ሾልከው ስለሚወጡ ለእነዚህ ጠባቡ ይሻላል። ናሙና ሲመጣ ከረጢቷን ገልብጦ ስፌቷን በሁለት እጅ መሳብ፣ ዚፑንም ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ያስፈልጋል። ዚፑ ከፕላስቲክ ይሁን፤ የሚዝግ ብረት በነጭ ሸማ ላይ የማይለቅ ምልክት ይተዋል። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነችው ለውስጥ ልብስና ለካልሲ፣ 50 በ60 የሆነችው ለነጠላና ለቀሚስ ስለምትስማማ፣ ሁለቱን በአንድ ማሸጊያ ማምጣት ይሻላል።

በጉምሩክም በኩል ቃሉን ማስተካከል ይገባል። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ከጨርቅ የተሠራ የቤት ልብስ ማጠቢያ ከረጢት የሚገባው በአንቀጽ 63.07 ሲሆን፣ 63.05 ግን የንግድ ዕቃ የሚታሸግበት ጆንያና ከረጢት ነው። በፕሮፎርማው ላይ «የመረብ ከረጢት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ክርክር ይነሣል፤ «ለቤት ልብስ ማጠቢያ» የሚለው ቃል ካልተለየው ግን ብዙ ድካም ይቀራል።

የአገር ልብስ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ዐረብ አገሮች የሚልኩት ነጋዴዎች ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። በዚያ ያለው ወገናችን ልብሱን የሚያጥበው አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ነው፤ ቀሚሱ ቢበላሽበትም መልሶ ለሸማኔ የሚሰጥበት ስፍራ በቅርቡ የለም። በጃፓን አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2016 ሲሠራበት በነበረው የልብስ ምልክት ላይ፣ ከማጠቢያው ሥዕል ጋራ «መረብ ይደረግበት» የሚል ቃል ይታተም ነበር፤ ምልክቱ ከተለወጠ በኋላም ይኸው ምክር በተጨማሪ ጽሑፍ ይሰጣል። እኛም አይ ኤስ ኦ 3758 በተባለው ደንብ ያሉትን ምልክቶች ልንጠቀምባቸው እንችላለን። የገንዳው ሥዕል መታጠብን፣ በውስጡ ያለው ቁጥር ሙቀቱን፣ ከሥሩ ያለው መሥመር በዝግታ መሆኑን ያመለክታል፤ እጅ የገባበት ገንዳ በእጅ ብቻ፣ የተሰረዘውም በውኃ አይታጠብ ማለት ነው።

ከጥቅሉ ጋራ አንዲት ጠባብ ዐይን ያላት ከረጢትና ከላይ የተነገረው በአጭሩ የታተመበት ወረቀት ቢጨመር የሚወጣው ወጪ ከቀሚሱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ወረቀቱም በአማርኛና በየአገሩ ቋንቋ ቢጻፍ ይመረጣል፤ አማርኛውን የሚያነቡት ወላጆች ቢሆኑም፣ መኪናውን የሚጭኑት ብዙ ጊዜ እዚያው የተወለዱት ልጆች ናቸው።