ደቅን በእግር መዞር

ከአዘዞ ተነስቶ ቆላ ድባን አልፎ የሚወርደው መንገድ ጎርጎራ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጣና ነው። ደቅ ከሐይቁ ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ከጎርጎራ ግን ሩቅ ናት። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሳምንት አንዴ ስትመላለስ የኖረችው መርከብ ያመለጠችው መንገደኛ ወይ ሳምንት ይጠብቃል፣ ወይ ጀልባ ይከራያል።

የደቅን ዳርቻ ብቻውን ሊዞር ያሰበ ሰው ቋሚ መንገድ እንደማያገኝ አስቀድሞ ይወቅ። ጣና ክረምቱን ጠጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦት ላይ ይጎድላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ሜዳማ ዳርቻ ላይ ይህ ብዙ መሬት ነው፦ በበጋ የረገጡት ደረቅ ጭቃ በመስከረም ውኃ ውስጥ ስለሚገባ፣ እግረኛው በደንገሉና በማሳው መካከል መሹለክ ግድ ይለዋል። የሰው ሰብል ላለመርገጥ ባለቤቱን መጠየቅ ይሻላል። የዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ወቅቱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይለዋወጣል። ጧት ውኃው ጸጥ ይላል። ፀሐይ ስትከር የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሐይቁ ነፋስ ቦታውን ሊሞላ ወደ ዳር ይገሰግሳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፦ ከየብስ የሚነፍሰው አየር ሐይቁ ላይ ተገናኝቶ ወደ ላይ ይወጣና ደመና ይሆናል። በጣናና በዳርቻው የክረምቱ ዝናብና ነጎድጓድ ሌሊት የሚበረታው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድንኳን የሚተክል ሰው የጧቱን ጥርት ያለ ሰማይ አይቶ አይታለል፤ ከውኃው ራቅ ብሎ፣ ለብቻው ከቆመ ትልቅ ዛፍም ሸሽቶ ይትከል።

ማዕበሉም የራሱ ጠባይ አለው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ገበታ ውኃ ላይ ነፋስ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ቶሎ ያስነሳል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ከሰዓት በኋላ መሻገር የማይወዱት ፈሪ ሆነው አይደለም።

ከማዕበሉ ይልቅ እኔ የምፈራው ጉማሬን ነው። ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ይመለሳል። በእሱና በውኃው መካከል የገባ ሰው መመለሻውን ዘጋበት ማለት ነው። ደንገሉ ውስጥ የተረገጠ ሰፊ ቦይ ካዩ የሱ መንገድ ነውና ጎህ ሳይቀድ አይራመዱ፤ ሲመሽም ይቁሙ።

በደቅ ምዕራብ በኩል እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። ከሥዕሎቹ በአንዱ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በምሥራቅ ከውኃው ቀጥ ብላ የወጣችው ደን የለበሰች ኮረብታ ዳጋ እስጢፋኖስ ናት። የአዘዞ ሰው እዚህ ይቆማል፦ ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሩት አዘዞ፣ ራሳቸው በተከሏት ገነተ ኢየሱስ ነው፤ የልጃቸው የዐፄ ፋሲል አስከሬን ግን ዳጋ ላይ፣ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ከሌሎች ነገሥታት ጋር ነው። ዳጋ ለሴቶች አትፈቀድም፤ ሴት እግረኛ ከደቅ ዳርቻ ሆና ታያታለች። የሚሻገር ወንድም ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከቀትር በፊት ደርሶ ይመለስ።