የማኅበሩ መዝገብና የእህል መሸጫ ጊዜ

ብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በመኸር በቆሎ ገዝተው፣ ዋጋው ሲወደድ ለመሸጥ በመጋዘን ያቆያሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የመሸጫው ጊዜ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ በገበያ ወሬ እንጂ በመዝገብ አይደለም።

ለምሳሌ አንድ ኩንታል በ3000 ብር ተገዝቶ 4 ወር ቆየ እንበል። ብድሩ በዓመት 12 በመቶ ቢወለድ ወለዱ 120 ብር ይሆናል። ለከረጢት፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለጥበቃ 80 ብር ሲጨመር ወጪው 3200 ይደርሳል። ከመቶው 5 ኪሎውን ነቀዝና አይጥ ከበሉት የሚሸጠው 95 ኪሎ ብቻ ነው። ኩንታሉን በ3300 የሸጠ ኮሚቴ ለጠቅላላ ጉባኤው «300 ብር አተረፍን» ይል ይሆናል፤ በእጁ የገባው ግን 3135 ብር ነው። በ500 ኩንታል ላይ ኪሳራው 32500 ብር ይሆናል።

ስለዚህ የመጋዘን ኃላፊው በየ15 ቀኑ ጥቂት ምልክት የተደረገባቸውን ከረጢቶች መዝኖ በቢን ካርዱ ላይ ይጻፍ። ርጥበቱም ሲገባና ሲወጣ ይመዝገብ፤ በ16 በመቶ ርጥበት የገባ 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 3.5 ኪሎ ያህል ይቀንሳልና። ይህ ሳይታወቅ ሰውን በሌብነት መጠርጠር ነውር ነው።

የልማት ሠራተኛው ደግሞ በየሳምንቱ የአካባቢውን ገበያዎች ዋጋ በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ እንመክራለን። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ አንድ ኩንታል ማቆየት በወር በወለድና በጉድለት 70 ብር ገደማ ያስወጣል። በሰሌዳው ላይ የሚታየው የወር ጭማሪ ከዚህ ማነስ ከጀመረ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሽያጩን ይወስን።