አሚሌዝ፦ ገብስን የሚያጣፍጠው ፕሮቲን

ጥሬ ገብስ ቢያላምጡት ዱቄት ዱቄት ይላል እንጂ አይጣፍጥም። ያው ገብስ ውኃ ጠጥቶ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ጭራ አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ብቅል ሲሆን ግን ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ይታወቃል። ስኳር የጨመረበት የለም፤ ማርም አልነካውም።

ጣፋጩን የሠራው አሚሌዝ የሚባል ፕሮቲን ነው። የባዮኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ፕሮቲንን፣ ኒውክሊክ አሲድን፣ ባፈርንና ኢንዛይምን በየምዕራፉ ለያይተው ያስተምራሉ፤ ተማሪውም ለየብቻ ሸምድዶ ለየብቻ ይረሳቸዋል። በእኔ እምነት አራቱን አንድ ላይ ለማየት ከብቅል የተሻለ ቦታ የለም። ይህን የምለው ለአገር ጠላ ለማድላት አይደለም። ሳይንሱ ራሱ ብዙውን መንገድ የተጓዘው ከብቅልና ከእርሾ ጋር ስለሆነ ነው።

ከገብስ ፍሬ ግማሽ በላይ የሚሆነው ስታርች ነው። ስታርች ማለት የግሉኮስ ሞለኪውሎች በመቶና በሺህ ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት ነው። ግሉኮስ ለብቻው ሲሆን ይጣፍጣል፤ ተያይዞ ሲረዝም ግን ምላስ ጣፋጭነቱን አያውቀውም፣ ቀዝቃዛ ውኃም አያሟሟውም። ለገብሱ ይህ መልካም ነው፤ ስንቁ እስከ ዝናብ ድረስ ደርቆ ይቆይለታል። ተሕዋስያን ካልነኩት በቀር ስታርች ውኃ ውስጥ ለዓመታት ቢቀመጥ በራሱ ወደ ስኳር የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው። አሚሌዝ ሲገባበት ግን ሥራው በደቂቃዎች ይጀመራል። አሚሌዝ ኢንዛይም ነው፤ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን። ሰንሰለቱን ይይዛል፣ መጋጠሚያው ላይ አንድ የውኃ ሞለኪውል አስገብቶ ይቆርጣል፣ ይለቅቃል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቆረጠ ብሎ አያልቅም። ትንሽ ብቅል ብዙ እህል የሚያጣፍጠውም ስለዚህ ነው።

ብቅል ውስጥ ሥራውን ከሚካፈሉት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አልፋ አሚሌዝ ሰንሰለቱን መሐል ለመሐል፣ ባገኘበት ይቆርጠዋል፤ ወፍራም ሙቅ ብቅል ሲነካው የሚቀጥነው በእርሱ ነው። ቤታ አሚሌዝ ደግሞ ከጫፍ ተነሥቶ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየነቀለ ማልቶስ የተባለውን ስኳር ያወጣል። አልፋው በቆረጠ ቁጥር ለቤታው አዲስ ጫፍ ይፈጠርለታል። የማሽላ ብቅል ከገብስ ብቅል ጋር ሲተያይ ቤታ አሚሌዙ በጣም ያነሰ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መጠጥ የማይወጣቸው በከፊል በዚህ ነው።

በገብሱ ገለባ ውስጥም ሌላ የግሉኮስ ሰንሰለት መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሴሉሎስ ይባላል። ከስታርች የሚለየው በዋናነት አንዱ ግሉኮስ ከሌላው ጋር በሚገጥምበት አቅጣጫ ነው። ያቺ ትንሽ ልዩነት አሚሌዝን ከገለባው ታርቀዋለች፤ ቢውል ቢያድር አይነካውም። በሬ ገለባ በልቶ የሚያርሰው ሆዱ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ለሴሉሎስ የሚሆን ሌላ ኢንዛይም ስላላቸው ነው። እኛ የለንም። ኢንዛይም በአብዛኛው እንዲህ መራጭ ነው፤ ከብዙ ተመሳሳይ ነገሮች መሐል የራሱን ያውቃል።

ታዲያ አሚሌዙስ ከየት መጣ? ቤታው ፍሬው ገና ማሳ ላይ ሲሞላ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ ታስሮ ይቆይና እህሉ ሲበቅል ይፈታል። አልፋው ግን በደረቅና ጤናማ ገብስ ውስጥ የለም ቢባል ይቀላል። አዲስ መሠራት አለበት። ገብሱ ውኃ ሲጠጣ ፍሬው ጥግ ላይ ያለው ፅንስ ይነቃና ጊበርሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል። ሆርሞኑ የሚደርሰው ከልጣጩ ሥር ስታርቹን ከብቦ ወደሚገኝ ሥሥ ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ ሦስት ሴል ያህል ብቻ ነው። እነዚያ ሴሎች መልእክቱ ሲደርሳቸው የአልፋ አሚሌዝን ጂኖች ይከፍታሉ።

ጂኑ በሥሩም በቅጠሉም ሴል ውስጥ አለ። ዲኤንኤ እንደ ርስት መዝገብ ነው፤ ዋናው ከግምጃ ቤት አይወጣም፣ የተፈለገው ገጽ ብቻ ይገለበጣል። የገብስ መዝገብ ወደ 5 ቢሊዮን ጥንድ ፊደላት ይይዛል፤ የሰው ወደ 3 ቢሊዮን ነው (ለኩራት የሚመች ቁጥር አይደለም)። ፊደሎቹ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። ግልባጩ አርኤንኤ ይባላል፤ እርሱም ከዲኤንኤ ጋር አንድ ዘር፣ ኒውክሊክ አሲድ ነው። ግልባጩ ወደ ራይቦዞም ይሄዳል፤ ራይቦዞም ፊደሎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባል፣ በእያንዳንዱ ሦስት ፊደል ፈንታም ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች አንዱን ይቀጥላል። አልፋ አሚሌዝ ወደ 400 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ስላሉት ለእርሱ ብቻ ወደ 1200 ፊደላት ይነበባሉ። የተሠራው ፕሮቲን ከሴሎቹ ወጥቶ ወደ ስታርቹ ይፈስሳል።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው ከኮባው ቅጠል ሥር ነው። ብቅል አብቃይዋ እርጥበቱን ስትጠብቅ፣ ቅጠሉን ስትጭንበት፣ ጭራው ሲወጣ ገልጣ ስታሰጣው፣ በእርሷ ቋንቋ ብቅል ማብቀል ነው፤ በላቦራቶሪ ቋንቋ ጂን ከፍቶ መዝጋት ነው። ሳይደርቅ ቢዘገይ ቡቃያው ስኳሩን ለራሱ እድገት ይበላዋል። ሳይታሰብ ሲመጣ ደግሞ ያው ነገር ጥፋት ይሆናል፦ አጨዳ ላይ ዝናብ የመታው ስንዴ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅልና፣ ዱቄቱ አሚሌዝ ስለሚበዛበት ዳቦው መሐሉ የሚጣበቅ ይወጣል።

ከራይቦዞም የወጣው የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ገና ሥራ አይሠራም። መጀመሪያ ይታጠፋል። ውኃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ውኃ የሚወዱት ወደ ውጭ ይዞራሉ፣ ተቃራኒ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው ይሳሳባሉ፤ በመጨረሻ ሰንሰለቱ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን 124 አሚኖ አሲድ ያለውን ራይቦኑክሊየስ የተባለ ኢንዛይም በኬሚካል ፈትቶ መልሶ ሲለቅቀው ራሱን በራሱ እንደ ቀድሞው ሲያጥፍ አይቷል፤ የቅርጹ ትእዛዝ ያለው በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ መሆኑን አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። አልፋ አሚሌዝ ሲታጠፍ አንድ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ የስታርቹ ሰንሰለት የሚገባው እዚያ ነው። በስንጥቁ ውስጥ ሦስት አሲዳማ አሚኖ አሲዶች ተቀራርበው ተቀምጠዋል፤ ቆራጮቹ እነርሱ ናቸው። በሰንሰለቱ ላይ ግን እርስ በርስ የተራራቁ ናቸው፤ ጎረቤት ያደረጋቸው መታጠፉ ነው። ቅርጹ እንዳይላላ የካልሲየም አቶሞችም ይዘውታል።

ሙቀት ሲበዛ እጥፋቱ ይፈታል፣ ሦስቱ ይለያያሉ፣ መቀስነቱ ያበቃል። አሚኖ አሲዶቹ አንድም ሳይጎድሉ ፕሮቲኑ ሥራ ፈት ይሆናል። ብቅል ፀሐይ ላይ የሚሰጣው፣ ምጣድ ላይ የማይቆላው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደታወቀ ለማየት ወደ ፓሪስ መሻገር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፔርሶዝ ብቅል በውኃ ዘፍዝፈው አጠለሉትና በጥላዩ ላይ አልኮል ጨመሩበት። ነጭ ነገር ዘቀጠ። አድርቀው ስታርች ላይ ሲሞክሩት ከራሱ ክብደት 2000 እጥፍ የሚሆን ስታርች ማቅጠን እንደሚችል ጻፉ፤ ከፈላ ግን ኃይሉ ይጠፋል። ዲያስቴዝ አሉት። ከሕያው ነገር ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ይህ የብቅል ዱቄት ነበር። ምን እንደሆነ ግን አያውቁም ነበር።

ለማወቅ ወደ መቶ ዓመት ወሰደ፤ ክርክሩም የጋለ ነበር። ፓስተር መፍላት ያለ ሕያው እርሾ አይሆንም ይል ነበር። በ1897 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሴል በሌለው ጭማቂ ስኳር አፈላ፤ በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ኢንዛይም ከምን ተሠራ የሚል ነው። ፕሮቲን ነው ያለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ሰምነር ነበር፤ በልጅነቱ በአደን አደጋ አንድ እጁን ያጣ ሰው ነው። ጃክ ቢን ከተባለ ባቄላ ዩሪየስ የሚባለውን ኢንዛይም ለማጥራት ዓመታት ደክሞ በ1926 ክሪስታል አድርጎ አወጣው። ሪካርድ ቪልሽቴተር፣ የኖቤል ተሸላሚውና የዘመኑ ትልቅ ስም፣ ፕሮቲኑ ተሸካሚ እንጂ ኢንዛይሙ አይደለም ብሎ አልተቀበለውም። ጆን ኖርዝሮፕ በ1930 ፔፕሲንን ክሪስታል ሲያደርግ ሚዛኑ ወደ ሰምነር አጋደለ፤ ሁለቱም በ1946 የኖቤል ተሸላሚዎች ሆኑ። ሳይንስ ውስጥ ስም ሲከብድ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሰምነር ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

የባፈሩ ታሪክ ደግሞ በቀጥታ ከቢራ ፋብሪካ ይመጣል። የካርልስበርግ ባለቤት ጄ. ሲ. ያኮብሰን በ1875 ኮፐንሃገን ላይ ላቦራቶሪ አቋቋመ። የእህልን ፕሮቲን በናይትሮጅኑ የሚለካው የኬልዳል ዘዴ በ1883 የወጣው ከዚያ ነው። የኬሚስትሪ ክፍሉ ኃላፊ ሶረን ሶረንሰን ኢንዛይሞችን ሲያጠና ውጤቱ በአሲዱ መጠን እየተለዋወጠ አስቸገረው፤ በ1909 ያን መጠን በአጭር ቁጥር የሚጽፍበትን ፒኤች አወጣ። ሰባት ገለልተኛ ነው፤ አንድ ደረጃ በወረዱ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል።

አሲድ አሚሌዝን ለምን ይገደዋል? ከሦስቱ ቆራጮች አንዱ ፕሮቶኑን (አሲድ የሚያድለውን ቅንጣት) ይዞ፣ ሌላው ደግሞ ፕሮቶኑን ጥሎ መገኘት አለባቸው። አሲድ ከበዛ ሁለቱም ይይዛሉ፤ ከጠፋ ሁለቱም ይጥላሉ፤ በሁለቱም በኩል መቁረጥ ይቆማል። የገብስ ብቅል አሚሌዞች ከ5 እስከ 5.6 ባለው ፒኤች አካባቢ ይመቻቸዋል። ያን ቦታ የሚጠብቀው ባፈር ነው፤ ማለትም ፕሮቶን ሲበዛ የሚቀበል፣ ሲያንስ የሚለቅ የሞለኪውሎች ጥንድ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ሚሊ ሊትር ብትጨምሩ ፒኤቹ ከ7 ወደ 3 ይወድቃል፤ ጥሩ ፎስፌት ባፈር ላይ ያንኑ ብትጨምሩ መለወጡን መሣሪያው በጭንቅ ያሳያል። ብቅል ፎስፌቱንም ፕሮቲኑንም ከራሱ ይዞ ይመጣል። የእኛም ደም በባይካርቦኔትና በሌሎች ባፈሮች ታግዞ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለችው ጠባብ ቦታ ይኖራል።

አሁን ጠላውን እንየው። አጠማመቁ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የጋራው መንገድ ግን ይታወቃል፦ ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፣ ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረስበታል፣ አሻሮ ወይም እንኩሮ ይገባበታል፣ ድፍድፉ ይቆያል፣ ውኃ ይሞላል። ብዙ ሰው የጠላን ኃይል ለጌሾ ይሰጣል። ጌሾ ምሬቱን ይሰጣል፤ እርሾ የሚበላውን ስኳር ግን ከእህሉ የሚያወጣው ብቅሉ ነው። አሻሮው ቀለምና ጣዕም አለው፤ ኢንዛይሙ ግን ምጣድ ላይ ቀርቷል፤ ብቅል ካልገባ ስታርቹ እንደ ተዘጋ ይኖራል።

ቂጣውስ ለምን ይጋገራል? ጥሬ ስታርች በጠባብ ቅንጣት ተጠቅጥቆ ስለተቀመጠ አሚሌዝ በቀላሉ አይገባበትም፤ የገብስ ስታርች ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይከፈታል። የአውሮፓ ጠማቂ ብቅሉን በውኃ 65 ዲግሪ አካባቢ ይይዘዋል፤ ስታርቹ የተከፈተበት፣ ኢንዛይሙ ገና ያልሞተበት ጠባብ በር ነው። ከ70 ሲያልፍ ቤታው ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ያለ ቴርሞሜትር አስቸጋሪ ነው። የእኛ ጠማቂ ሁለቱን ሥራ ለያየችው፦ ስታርቹን በምጣድ ትከፍታለች፣ ብቅሉን በቀዝቃዛው ታገባለች፣ የቀረውን ለቀናት ትተወዋለች። ዘገምተኛ ነው፤ ግን ኢንዛይሙን የማቃጠል ስጋት የለበትም። እኔ ይህን ከሁለቱ መንገዶች ብልሁ ነው ብዬ አስባለሁ። የሚሽቀዳደመው ከሙቀት ጋር ሳይሆን ከኮምጣጣነት ጋር ነው፤ ድፍድፉ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያበዙ ሲሄዱ የብቅሉ ባፈር ይሟጠጥና አልፋ አሚሌዝ ይደክማል።

ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት ኩባያ ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝና ሦስት ብርጭቆ ላይ ማካፈል ነው። የተፈጨ ብቅል በውኃ ዘፍዝፎ በጨርቅ ማጥለል፤ ለአንደኛው ብርጭቆ እንዳለ፣ ለሁለተኛው አፍልቶ አቀዝቅዞ፣ ለሦስተኛው ኮምጣጤ ከገባበት በኋላ መጨመር። በየአምስት ደቂቃው ከየብርጭቆው ጠብታ ነጭ ሳሕን ላይ አድርጎ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን መንካት። ስታርች ያለበት ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ቡኒ እየሄደ በመጨረሻ የአዮዲኑ ብጫ ብቻ ይቀራል፤ የፈላው ሰማያዊ እንደሆነ ያድራል፤ ኮምጣጤ ያለበት እንደ ኮምጣጤው ብዛት ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቆማል። በኮምጣጤው ፈንታ ሎሚ አይጨመርም፤ በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ራሱ ቀለም ያሳጣውና ስታርቹ ሳይቆረጥ የተቆረጠ ያስመስለዋል።