ከእንጦጦ ዝናብ እስከ ፍል ውሃ ገንዳ

ጃፓኖች የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ ልጅ አዋቂው ተሰባስቦ ወደ ፍል ውሃ ከተሞች ይጓዛል። እንደ ኩሳትሱና ቤፑ ያሉት ከተሞች እንግዳ የሚጎርፍላቸው በዚሁ ውሃ ነው። የእኛዋ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በእንዲህ ያለ ጉዞ ሰበብ ነው። የምኒልክ መናገሻ እንጦጦ ላይ በነበረችበት ዘመን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ከተራራው ብርድ ሸሽተው ገላቸውን ሊታጠቡ ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ገና እቴጌ ያልተባሉት ጣይቱ ብጡል ከምንጩ አቅራቢያ ቤት አሠሩ፤ ለሰፈሩም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ግን ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም.፣ እዚያው ላይ እንጦጦ ማርያም ነው።

ከማርያም ደጅ እስከ ፍል ውሃ በቀጥታ መስመር አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። የከፍታው ልዩነት ግን ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። ከተራራ ሲወረድ አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ የጣይቱ አጀብ ውሃውን ገና ሳይነካ አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት አትርፏል ማለት ነው። በሽሮ ሜዳ በኩል በታክሲ የሚወርድ ሰውም ጋቢውን ትከሻው ላይ የሚያላላው ለዚህ ነው።

ውሃውን ምን አፈላው? ከከተማው ሥር እሳተ ገሞራ ተቀብሯል ብሎ የሚሰጋ አይጠፋም። እንጦጦ ራሱ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ ዓለቱ ግን ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ስለሆነ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። የፍል ውሃ ሙቀት የሚመጣው ከራሷ ከምድር ነው። ወደታች በተቆፈረ ቁጥር ምድር ትሞቃለች፤ በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። እንግዲህ በ16 ዲግሪ መሬት ውስጥ የሰረገ የዝናብ ውሃ 75 ዲግሪ እንዲደርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት። በሸለቆው ውስጥ የምድር ቅርፊት ወዲያና ወዲህ ሲሳብ መሐሉ እንደ ተለጠጠ ሊጥ ስለሚሳሳ፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ይቀርባል፤ ውሃውም ያን ያህል ርቆ መውረድ ላያስፈልገው ይችላል።

መውረድ ብቻውን ግን ምንጭ አያደርግም። ሙቁ ውሃ በመንገዱ ሳይበርድ በፍጥነት የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የአዲስ አበባው ቀዳዳ ጂኦሎጂስቶች የፍል ውሃ ስንጥቅ የሚሉት ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በከፍታው ላይ የዘነበው ዝናብ በዓለት ስንጥቆች ቁልቁል ሰርጎ፣ ጥልቁ ውስጥ ሞቆ፣ በዚህ በር ተመልሶ ይወጣል። በጃፓን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ እዚያ የምድር ቅርፊቶች ይጋጫሉ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ይገባል፤ እኛ ጋ ይለያያሉ። የኩሳትሱ ውሃ ከእሳተ ገሞራው በሚመጣ ጋዝ የተነሳ ብረት የሚበላ አሲድ ነው። የእኛው ወደ አልካሊነት ያደላል።

ይህን ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያሻም። ገንዳ ውስጥ ገብታችሁ ክንዳችሁን በጣት ብታሹት ሳሙና ሳትቀቡ ያሙለጨልጫችኋል፤ ምክንያቱ ውሃው ውስጥ የሟሟው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። ውሃው ጥልቁ ውስጥ ሳለ ሶዲየሙን ከእሳተ ገሞራ ዓለት ያሟሟል፤ ከታች ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶም ባይካርቦኔት ይሆናል። የአምቦን ውሃ በተፈጥሮው የሚያፍለቀልቀው ጋዝም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሲሊካው ነው። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ይልቅ ከዓለት ብዙ ሲሊካ ያሟሟል። በፍጥነት ወደ ላይ ሲወጣ ቢበርድም እንኳ የተሸከመውን ለማራገፍ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ባለሙያው አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ የሲሊካውን መጠን በመለካት ብቻ፣ ማንም ወርዶ የማያየው ጥልቀት ምን ያህል እንደሚሞቅ ያሰላል። በእንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚፈልጉ ባለሙያዎችም ውድ ጉድጓድ ከማስቆፈራቸው በፊት ይህንን ስሌት ይሠራሉ።

የእንጦጦ ማርያም ጠበልስ? እሱም የተራራው ውሃ ነው፤ ግን ጥልቁን ሳይጎበኝ ቶሎ ስለሚወጣ ይቀዘቅዛል። ስለ ፈውሱ የሚያምነው ምዕመን ይናገር፤ የሳይንስ ድርሻ የመንገዱን ርዝመት መናገር ነው።

ፍል ውሃ ዛሬ እንደ ጥንቱ በራሱ ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ ከጉድጓድ በፓምፕ ይሳባል። ሂልተን ሆቴል መዋኛውን የሚሞላው በዚሁ የምድር ሙቀት በጦፈ ውሃ ነው። በእኔ አስተያየት ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትን ውሃ ንቃዋለች። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሕግ ከምድር የሚወጣ ውሃ 25 ዲግሪ ከደረሰ ፍል ውሃ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ይጠብቀዋልም። የእኛው ከዚያ እጅግ የሚልቅ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ሶደሬንና ወንዶ ገነትን እንጂ የገዛ ከተማውን ምንጭ አያውቅም።

ስለዚህ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ላይ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥትና ሙዚየሙን ለልጆቻችሁ አሳዩና በጣይቱ መንገድ ውረዱ። ገንዳው ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅሉበት፤ 15 ደቂቃ ለአዋቂ ይበቃል፣ ለልጅ ከዚያም ያንሳል። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ከገንዳ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ሊያዞረው ይችላል፤ ቀስ ብላችሁ ተነሡ። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ውሃውን ግን ለልጅ አታጠጡ፦ በስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች ካልሲየም ስለሚያንስ ፍሎራይድን የሚይዘው የለም፤ መጠኑም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም የሚያድግን ጥርስ ያበላሻል። የሚጠጣ ውሃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።